ሳልቀምስ የሠራሁት ዶሮ ወጥ፦ የ2018 የገና ማዕድ ማስታወሻ

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ጾሙ ከገባ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ዛሬ እናቴ ደውላ የዘንድሮው ገና በእኔ ቤት እንዲሆን ቆረጠች። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ ብዙ ሰዓት ቆማ ማቁላላት አልሆነላትም። «ልጄ፣ ዘንድሮ ወጡ ያንቺ ነው። እኔ ተቀምጬ ሽንኩርት እልጥልሻለሁ» አለችኝ። የገናን ዶሮ ከእሷ እጅ በቀር የማንም እጅ ነክቶት አላየሁም። እሺ ብዬ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ረጅም ሰዓት ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።

ሰው ቆጠርኩ፤ 14 ነን። ከነዚህ ውስጥ አራቱ ልጆች ናቸው። አባቴ ደም ግፊት ስላለበት ሐኪሙ ጨው ቀንስ ብሎታል። አክስቴ ደግሞ ዕድሜያቸው ስለገፋ ከረጅም ጾም በኋላ ቅባት ቶሎ አይስማማቸውም።

ከዚያ የቀን መቁጠሪያውን አወረድኩ። ገና ታኅሣሥ 29 ረቡዕ ይውላል። ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውሉ የዕለቱ ጾም ስለሚቀር ረቡዕ ይበላል፤ ሐሙስም የፍስክ ቀን ነው። ዓርብ ጥር 1 ግን ጾም ነው። ስለዚህ የሚታረደው፣ የሚነጠረው፣ የሚሠራው ሁሉ በሁለት ቀን ማለቅ አለበት፤ ወይም ደግሞ ዓርብን አሳልፎ ለቅዳሜ የሚቆይ መሆን አለበት። ምን ልሥራ የሚለውን ከማሰቤ በፊት ይህን በትልቁ ጽፌ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት።

ሌላው ጭንቀቴ ግን ዶሮው ነው። ወጡ የሚሠራው ማክሰኞ፣ በገና ዋዜማው በገሃድ ነው። ገሃድ ጾም ስለሆነ መቅመስ የለም። እናቴ በማሽተትና በዓይኗ ነው ጨው የምትለካው። እኔ ያ ዓይን የለኝም። 14 ሰው የሚበላውን ወጥ ያለ ምላስ እንዴት አድርጌ ነው የማጣፍጠው?

ኅዳር 28፣ እሑድ

መላ ያገኘሁ መሰለኝ። ዶሮውን በጾም መቅመስ አልችልም፤ ቁሌቱን ግን እችላለሁ፤ በቅቤ ፋንታ በዘይት ከተሠራ የጾም ነው። ስለዚህ አሁን በጾሙ ውስጥ በዘይት እየሠራሁ፣ እየመዘንኩ፣ እየቀመስኩ ልኩን አገኛለሁ። ማክሰኞ ዕለት ያንኑ ልክ በሚዛን እደግመዋለሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ የተላጠና በእጅ የደቀቀ ቀይ ሽንኩርት 1 ኪሎ፣ በርበሬ 100 ግራም፣ ዘይት አንድ የቡና ስኒ ሙሉ፣ ጨው 10 ግራም። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ነው የጀመርኩት፤ ውኃው እስኪመጥና መልኩ ወደ ቡናማ እስኪሄድ 50 ደቂቃ ወሰደ። ከዚያ ዘይቱን፣ ቀጥሎ በርበሬውን። ማረር ሲጀምር ውኃ ጠብ እያደረግኩ ሌላ 40 ደቂቃ አማሰልኩት።

መልኩ ደስ ይላል። ስቀምሰው ግን ጨው ሆኗል። በእንጀራ ሞከርኩት፣ ያው ነው። 10 ግራም ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ይህን ያህል ሊበዛ አይገባም ነበር።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ለእናቴ ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «በርበሬው እኮ ጨው አለው» አለች። በክረምት መውጫ ላይ በርበሬው ተቀምሞ ሲፈጭ ጨውም አብሮ ገብቶበታል፤ እንዳይነቅዝ ይረዳዋል ትላለች። ስንት ገባበት ብላት «እንደ በርበሬው ነዋ» አለችኝ። ይህ መልስ ለእሷ ልክ ነው፤ ለእኔ ሚዛን ግን አይሆንም። እንደገና መሞከር ነው።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ሁለተኛው ሙከራ። ጨውን በግማሽ ቀነስኩ፤ ሽንኩርቱን ደግሞ ወደ 2 ኪሎ አሳደግኩ፤ ምክንያቱም ማክሰኞ ዕለት የምሠራው ብዙ ነው፤ ሲበዛ ምን እንደሚሆን ማየት ፈለግኩ። ሽንኩርት 2 ኪሎ፣ በርበሬ 200 ግራም፣ ጨው 10 ግራም፣ ማለትም ለአንድ ኪሎ 5 ግራም።

ጨዉ ልክ ሆነ። አፍ ላይ ይሰማል፣ አይቆይም። አባቴም ሊበላው ይችላል።

ሰዓቱ ግን አስደነገጠኝ። አንድ ኪሎ በ50 ደቂቃ ውኃውን የመጠጠው ሽንኩርት፣ በዚያው ድስት ሁለት ኪሎ ሲሆን 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጀ። ምክንያቱን ቆሜ አየሁት፤ እንፋሎቱ የሚወጣው ከላይ ብቻ ነው። ድስቱ በሞላ ቁጥር ከሥር ያለው በራሱ ውኃ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። ስለዚህ ለሁለት ዶሮ የሚሆነውን 6 ኪሎ ሽንኩርት በአንድ ትልቅ ድስት መጣድ ማለት ቀኑን ሙሉ መቆም ነው፤ ያውም ተቀቅሎ የሚወጣ ቁሌት ለማግኘት። ሦስት ሰፋፊ ድስት፣ በእያንዳንዱ 2 ኪሎ፤ ከዚያ በርበሬው ሲገባ ወደ አንድ ይገለበጣል። የጎረቤቴን ባለ ሁለት ምድጃ ለማክሰኞ ተዋስኩ።

ከዛሬው ቁሌት ግማሹን በፕላስቲክ ዕቃ አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት፤ ክዳኑ ላይ «የጾም» ብዬ ጻፍኩበት።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ጠላው ተጠነሰሰ። ይህን እናቴ ለማንም አትሰጥም። ጋኑን በወይራ አጥና፣ የተወቀጠውን የጌሾ ቅጠል በውኃ ዘፍዝፋ ከደነችው። ብቅሉ ሲገባ፣ ከዚያ ድፍድፉ ሲሆን መጥተሽ እይ ብላኛለች። የሚቀጥለው ዓመት ማስታወሻ የጠላ ነው የሚሆነው።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ዛሬ ሁላችንም እናቴ ቤት ተሰብስበን ማዕዱን ተከራከርንበት። ታናሽ ወንድሜ ክትፎ ካልኖረ ገና አይደለም ይላል። ታላቁ የቅርጫ ነገር ይዞ መጥቷል፤ ሰፈሩ ውስጥ በሬ ሊጥሉ ነው፣ አንድ ሙሉ መደብ እንግባ አለ። ምንቸት አብሽም ይሠራ፣ ዱለትም ይኑር ተባለ። ሁሉንም ጻፍኩና ከማቀዝቀዣው በር ላይ የነቀልኩትን ወረቀት መሐል ላይ አስቀመጥኩት፦ ረቡዕ ይበላል፣ ሐሙስ ይበላል፣ ዓርብ ጾም።

ሌላም ነገር ተናገርኩ፤ ይህን ከልቤ ነው የማምነው። ከአርባ ቀን በላይ ሽሮና ምስር ሲበላ የከረመ ሆድ በአንድ ሌሊት ስድስት ዓይነት ሥጋና ቅቤ ሲወርድበት ይታመማል። አምና አክስቴ በዓሉን አልጋ ላይ ነው የዋሉት፤ እኛ ደግሞ ሐሙስ ማታ ያልተነካ ወጥ ለማን እንስጥ ስንል ነበር። አንድ ጥሩ ዶሮ ወጥ ከአራት ዓይነት ለብ ለብ ሥራ ይበልጣል። አባቴ «ትክክል ነሽ» ሲል ክርክሩ አበቃ።

የተስማማንበት እንዲህ ነው። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ማዕዱ ትንሽ ይሆናል፤ መጀመሪያ ለብ ያለ ተልባ፣ ከዚያ ድፎ ዳቦ፣ ከዚያ ዶሮ ወጥ በአይብ፤ ለአንድ ሰው አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ብቻ። ተልባውን በፋሲካ ነው የለመድነው፤ ለገናስ ምን ከለከለን? ምሳ ላይ ዋናው ማዕድ ነው፦ ዶሮው እንደገና ይቀርባል፤ ለልጆቹና ለአክስቴ የሥጋ አልጫ፤ ከቅርጫው የሚወጣ ጥብስ፤ ጎመን። ክትፎው ለሐሙስ ምሳ ተቀጠረ፤ በዚያን ጊዜ ሆድም ይለምዳል። የቅርጫው መደብ ሙሉው ይቅርና እኔና ታላቁ ወንድሜ ግማሽ ግማሽ እንካፈላለን። ከእሱ የሚተርፈው ቋንጣ ይሆናል።

ምንቸት አብሹና ዱለቱ ተሰረዙ። ታናሼ ቅር ብሎታል፤ ለሐሙስ ሚጥሚጣውን ራሱ እንደሚያመጣ ነግሮኝ ሄደ።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ቅቤ ነጠርኩ። ለጋ ቅቤ 2 ኪሎ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ እርድ፣ ትንሽ አብሽ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። እሳቱን ዝቅ አድርጎ መጠበቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ ላይ አረፋው እየተንጫጫ ይገነፍላል፤ ውኃው ሲያልቅ ድምፁ ይረጋል፤ አተላው ከሥር ሲቀመጥ ከላይ ያለው እንደ ማር ጠርቶ ታች ያለው ቅመም ይታያል። ዝም ያለ ጊዜ ነው የሚወርደው። በጾም ላይ ያ ሽታ ቤቱን ሲሞላው መስኮት ከፈትኩ። ጎረቤቴ ለነገው ገብርኤል ወደ ቁልቢ ከሄዱት አንዷ ናት፤ ምድጃውን ቀድማ ቤቴ አስቀምጣልኝ ነው የሄደችው።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ሾላ ገበያ በጠዋት። ሁለት የሐበሻ ዶሮ ገዛሁ። እናቴ እንዳስተማረችኝ ደረታቸውን ዳበስኩ፤ አጥንቱ እንደ ቢላ ስለት ከተሰማ ከስቷል ማለት ነው። ላባው የሚያብለቀልቅ፣ ዓይኑ ንቁ የሆነ። እንቁላል 20፣ ሽንኩርት 8 ኪሎ፤ ሲላጥና የተበላሸው ሲወጣ 6 ኪሎ የተጣራ እንዲተርፈኝ። ሎሚ፣ ኮባ ለዳቦው።

ማታ 12 ኪሎ ጤፍ አቦካሁ። ሰኞ ማታ ጋግሬ እጨርሳለሁ።

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

ሽንኩርቱን ዛሬ ላጥን። እናቴ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ከጎኗ። በማሽን እንፍጨው ያለችኝን የወንድሜን ሚስት እናቴ በፍቅር ከለከለቻት፤ ማሽን ውኃውን ያወጣዋል፣ ሲቁላላ ይቀቀላል እንጂ አይበስልም አለቻት። ታኅሣሥ 5 በድስቱ ያየሁት ነገር ያው ነው፤ እናቴ ያለ ሚዛን ታውቀዋለች።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ምጣዱን እንደሰካሁ መብራት ጠፋ። ሊጡ አብሲት ገብቶለት ኩፍ ብሎ ደርሷል፤ እስከ ነገ ቢቆይ ይኮመጥጣል። እስከ 3 ሰዓት ጠበቅኩ። አልመጣም። የሊጡን ባልዲ ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቆምኩትና ተኛሁ።

ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ፣ ገሃድ

መብራቱ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መጣ። ተነሥቼ ስጋግር ነጋ። እንጀራው ትንሽ ኮምጠጥ ብሏል፤ ዓይኑ ግን ጥሩ ነው። 58 ወጣኝ።

5 ሰዓት ላይ ሦስቱ ድስቶች ተጣዱ። እኔ በሁለቱ፣ የወንድሜ ሚስት በአንዱ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ከዚያ ይጠወልጋል፤ ከዚያ ማማሰያው ከሥሩ ሲያልፍ የድስቱ ቂጥ ደረቅ ሆኖ ይታያል። ያን ጊዜ ነው ቅቤው የሚገባው። 6 ኪሎው ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ደረሰ፤ ሁሉንም ወደ ትልቁ ድስት ገለበጥነው። በርበሬ 600 ግራም። ጨው 30 ግራም፣ በሚዛን። ሚዛኑ ላይ ሁለት ጊዜ አየሁት።

ባለቤቴ ዶሮዎቹን ባርኮ አርዶ ነበር። እኔና እናቴ በፈላ ውኃ ነጭተን፣ ቀሪዋን ፀጉር በእሳት ለብልበን፣ እያንዳንዳቸውን 12 ብልት አወጣንላቸው። የመጀመሪያውን እናቴ አወጣች፤ ሁለተኛውን እኔ፣ ጣቷ በጣቴ ላይ ሆኖ። «ቢላውን አጥንቱ ላይ አትጫኚው፤ መገጣጠሚያውን ፈልጊ፣ ራሱ ይከፈትልሻል» ትለኛለች። እውነትም ይከፈታል። በሎሚና በጨው ዘፍዝፈን አጠብነው። ልጆቹ ውኃውን ይቆጥራሉ፤ በሰባተኛው ጠርቶ ወረደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጥያቄ ሆነብኝ፤ የታጠበበት ጨው ሥጋው ውስጥ ስንት ይቀራል? ይህን አልሞከርኩትም። ልጨምር ወይስ በ30ው ልጽና? እናቴ «ዶሮው የራሱን ጨው ይዞ ይመጣል፤ አትንኪው» አለች።

ብልቶቹ ገብተው ወጡ ሲንተከተክ የእህቴን የስድስት ዓመት ልጅ፣ ገና ጾም ያልጀመረችውን፣ እናቴ ጠርታ በማንኪያ ጫፍ አቀመሰቻት። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና «ያቃጥላል» አለች። ጨዉስ ብላት አሁንም «ያቃጥላል»። አመስግነን ውኃ ሰጠናት።

ከዚያ እናቴ ተነሣች። ምድጃውን ተደግፋ፣ ክዳኑን ገልጣ፣ እንፋሎቱን በእጇ ወደ ፊቷ ሳበችው። ማማሰያውን አንሥታ ወጡ እንዴት እንደሚወርድ አየች። «ጨው የጎደለው ወጥ ሽታው ያጥራል። ይሄ አላጠረም፤ ግን ጫፉ ላይ ነው» አለች። ጫፉ ላይ ነው ማለት ምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ነገ ትቀምሺውና ታውቂዋለሽ» አለችኝ። መከለሻውን በተንኩ፣ የተቀቀሉትን እንቁላሎች ስንጥቅ ስንጥቅ አድርጌ ከተትኩ። 11 ሰዓት ላይ ቅቤው ከላይ ተንሳፍፎ ወጣ፤ እሳቱን አጠፋሁ።

ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ፣ ገና

ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፎ ተመለስን። ነጠላችን ጧፍ ጧፍ ይሸታል። አክስቴ ተልባውን ቀስ ብለው ጠጡ። አባቴ ጸሎት አድርሶ ድፎውን ባርኮ ቆረሰ። ወጡን አሙቄ አቀረብኩ፤ ፈረሰኛውን ለአባቴ፣ መላላጫውን ለአክስቴ።

የመጀመሪያውን ጉርሻ እናቴ አጎረሰችኝ። ጨው ትንሽ ጎድሎታል። በጣም ትንሽ፤ አይብ ሲጨመርበት ነው ጎልቶ የሚታወቀው። ጫፉ ላይ ነው ያለችው ይህ ነበር። አክስቴ «እጅሽ ይባረክ፣ የእናትሽን እጅ ወርሰሻል» ሲሉኝ እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም። አባቴ እንጀራውን ደገመ።

ለምሳ ሲሞቅ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ሳልጨምርበት ጨዉ ልኩን አገኘ። ሁለት ጊዜ ሲሞቅ ውኃው እየመጠጠ ወጡ ጠበቅ ስላለ ነው። ሌሊት ላይ ጎድሏል ብዬ ጨው ነስንሼበት ቢሆን ኖሮ ምሳ ላይ አባቴ አይበላውም ነበር። የቅርጫው ሥጋ 4 ሰዓት ላይ ደረሰ፤ ጥብሱን ባለቤቴ ጠበሰው፤ አልጫውን ልጆቹ ጨረሱት። ጠላው ጠርቶ ተቀዳ።

ታኅሣሥ 30፣ ሐሙስ

ታናሽ ወንድሜ ከነሚጥሚጣው መጣ። ክትፎው ተከተፈ፤ ሁላችንም በደስታ በላን፣ ማንም አልታመመም። ከ24ቱ ብልት የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ምሳ ላይ አለቁ። ሥጋውን ዘልዝዬ፣ በጨው፣ በበርበሬና በቁንዶ በርበሬ አሽቼ፣ ጓዳ ውስጥ በገመድ ሰቀልኩት። ሲደርቅ ለቋንጣ ፍርፍር ነው። ማታ ማቀዝቀዣው ውስጥ የቀረ የፍስክ ነገር አንድ ዕቃ አይብ ብቻ ነበር፤ ለጎረቤቴ ላክሁላት፣ ዛሬ ማታ እንዲበሉት።

ጥር 1፣ ዓርብ

«የጾም» የሚለውን ዕቃ ከፍሪዘር አወጣሁ። የታኅሣሥ 5ቱ ቁሌት። ምስር ከክቼ ጨመርኩበት፤ እንጀራ ተርፎኛል፣ አሁን በደንብ ኮምጥጧል፣ ለምስር ግን ይስማማዋል። እናቴ መጥታ አብረን በላን። ስትቀምስ፣ «ይሄኛው ልክ ነው» አለች።

ከሄደች በኋላ የበርበሬውን ማሰሮ አውርጄ ክዳኑ ላይ ወረቀት ለጠፍኩበት፦ «የ2018 በርበሬ። ጨው አለው። ለ1 ኪሎ ሽንኩርት በርበሬ 100፣ ጨው 5። ለዶሮ ሌሊት ያንሳል፣ ምሳ ላይ ይደርሳል፤ አትጨምሪ።»